ፈሳሽ ሙጫና የድሬ ግንቦት

ከጫት እንጨትና ከማሽላ አገዳ ቺፕውድ፣ ማለትም ፍጭ እንጨት በሙጫ ተጨምቆ የሚወጣ ሰሌዳ፣ ልሠራ ስነሳ የፈራሁት ፍየሎችን ነበር። ድሬዳዋን የሚያውቅ ይገባዋል፤ እዚህ ገረባ፣ ከጫት የሚተርፈው ቅጠል፣ መንገድ ላይ አያድርም። ደግነቱ እኔ የምፈልገው እንጨቱን ነው፣ እሱን ማንም አልተሻማኝም። አገዳው ግን በገንዘብ ነው። የሐረርጌ ገበሬ ለከብቱ ይከምረዋል እንጂ አይጥለውም።

መፍጨቱና መንፋቱ ወሬ የለውም። ማድረቁ ላይ ብቻ አትስነፉ፤ እርጥበቱ ከ5 በመቶ በታች ይውረድ። አለዚያ ፕሬሱ፣ ሰሌዳውን በሙቀት የሚጨምቀው ማሽን፣ ሲከፈት እንፋሎቱ ሰሌዳውን ይሰነጥቀዋል። ፀሐይ ብቻዋን አትበቃም፣ እኔ በምድጃ ነው የምጨርሰው።

ያቃጠለኝ ሙጫው ነው። ዩሪያ ፎርማልዴሃይድ ይባላል። ሥልጠና ላይ «በብዛት ግዙ፣ ይረክሳል» ስላሉን ፈሳሹን 6 በርሜል አዘዝኩ። ዕቃው ድሬ ሲደርስ አንድ ወረቀት ጎደለ። ሠራተኛው ስሙን አነበበና «ይሄ የሬሳ መድኃኒት አይደል እንዴ?» አለኝ። ከሌላ ቢሮ ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። ያኛው ቢሮ «እኛን አይመለከትም» አለ። ተመለስኩ፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በነጋታውም ስብሰባ። ወሩ ግንቦት ነው፣ በርሜሎቹ ቆርቆሮ ሥር ተደርድረዋል። በሙቀት ይበላሻል ብዬ ለመንኩ።

«አቦ፣ ወተት አይደል!»

ከወተት አይሻልም እኮ! ይህ ሙጫ ማጠንከሪያ ባይጨመርበትም በራሱ ቀስ እያለ ይረጋል፤ ሙቀት ደግሞ ያጣድፈዋል። ከአምስት ሳምንት በኋላ ስከፍተው ገንፎ ሆኗል። የጨመርኩበት ዱላ ቀጥ ብሎ ቆመ።

እዚህ ላይ የኔ ጥፋት ይጀምራል። እልህ ያዘኝና በውሃ አቅጥኜ ሠራሁበት። ሰሌዳው ሲያዩት ያምራል። አንድ አናጢ መደርደሪያ ሠራበት፣ ብሎኑ ከነፍርፋሪው ተነቅሎ መደርደሪያው ወደቀ። ገንዘቡን መለስኩለት። እስካሁን መንገድ ላይ ሳየው አንገቴን እደፋለሁ። በርሜሉ ላይ «ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ» የሚል ጽሑፍም ነበር፤ ሳነበው «ድሬ ላይ የት ነው ቀዝቃዛ?» ብዬ ስቄ ነበር ያለፍኩት።

አሁን የምገዛው የዚሁኑ ሙጫ ዱቄት ነው። ይወደዳል፣ ባለሙያዎቹም አያዋጣህም ይሉኛል። ይበሉ። ዱቄቱ ሐረር፣ አንድ ዘመዴ መጋዘን ውስጥ ደረቅ ቦታ ይቀመጣል። ሐረር ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፣ አየሩ ሌላ ነው። በየሳምንቱ አንድ ጆንያ በመኪና ይወርድልኛል። ጠዋት የቀኑን ብቻ እበጠብጣለሁ፤ ለደረቁ ፍጭ ክብደት 10 በመቶ ያህል ይበቃል። ማጠንከሪያውን፣ አሞኒየም ክሎራይዱን፣ የምጨምረው ልረጨው ስል ነው። ፕሬሱ ከ160 እስከ 180 ዲግሪ። መስኮት ክፈቱ፣ የሙጫው ትነት ዓይን ያቃጥላል። ለኩሽና ማጠቢያ ሥር የሚሆን ሰሌዳ ካዘዙኝ አልሠራም፤ ይህ ሙጫ እርጥበት አይችልም።

ከረጉት በርሜሎች አንዱ አሁንም ግቢዬ ውስጥ አለ። ከሰዓት ዘበኛው ጫቱን ይዞ ይቀመጥበታል። እንጨቱን ለኔ ያስቀምጥልኛል።