በእስክሪብቶ ፊት መሳልና የግንባር ጣጣ

ግንባር ወጣልኝ! ሥዕሎቼን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ዓይን እሺ ይለኛል፣ ከንፈርም ብዙ አያስቸግረኝም፣ ግንባር ላይ ስደርስ ግን ያ ሁሉ ልፋት ገደል ይገባል። ፊቱ ተድበስብሶ ይቀራል። ሰሞኑን ግን እዚሁ ሰፈር ባጃጅ የሚነዳ አንድ ልጅ ስዬ፣ ግንባሩ በትክክል ግንባር ሆነ። ስለዚህ ትንሽ ልኩራ፣ በዚያውም ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ሰፈሬ ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ኮንዶሚኒየም። ስቱዲዮ የሚባል ነገር የለኝም፤ ሳሎን መስኮት ሥር ያለች አንዲት ወንበር ናት ስቱዲዮዬ። መብራት ሲጠፋ ሥራ የሚያቆሙ ጓደኞች አሉኝ። እኔን ብዙም አይነካኝም፤ እንዲያውም ከአምፖል የመስኮት ብርሃን ይሻለኛል፣ ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

አጀማመሬን አላስረዝመውም። እንደ ሁላችሁም በእርሳስ ጀመርኩ፣ ከስልክ ላይ የፊልም ተዋናዮችን ቀዳሁ፣ ወረቀት ላይ ካሬ እያሰመርኩ ካሬ በካሬ ገለበጥኩ። ከዚያ የዘይት ቀለም አማረኝ። ዋጋውን ስጠይቅ አምሮቴ ለቀቀኝ። እስክሪብቶ ግን ቤት ሙሉ ነው።

የቶይን ኦጂ ኦዱቶላን ሥራ ያገኘሁት ያኔ ነው። ናይጄሪያዊት ሠዓሊ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ኢፌ ከተማ ተወልዳ፣ በልጅነቷ አሜሪካ ሄዳ አላባማ ነው ያደገችው። አሁን በከሰልም፣ በፓስቴልም፣ በእርሳስም ትሠራለች። እ.ኤ.አ. በ2017 ኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ያሳየችው ሥራ፣ ከራሷ የፈጠረቻቸው የሁለት ናይጄሪያውያን መኳንንት ቤተሰቦች ታሪክ ነበር። እኔን የያዘኝ ግን ቀደም ያሉት ሥራዎቿ ናቸው፤ በጥቁር እስክሪብቶ የሠራቻቸው። እኛ ደብተር ላይ የምንጽፍበት ዓይነት እስክሪብቶ! ወጣቶችን ነው አብዝታ የምትስለው፣ ራሷንም፣ ወንድሞቿንም። ቆዳውን ጥቁር ብላ ሞልታ አታልፈውም። መስመሮቹ ጥቅል ጥቅል እያሉ፣ አንዱ በአንዱ ሥር እየገባ፣ የጉንጩን ሥጋና አጥንት ተከትለው ይሄዳሉ፤ ፊቱ በሹሩባ የተሠራ ይመስላል። በጥቅሎቹ መሃል ደግሞ ብርሃን ይሾልካል። አጉልታችሁ ስታዩት ጥቁር ያላችሁት ነገር ግማሹ ብርሃን ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ሌሎቹም የየራሳቸው ዘዴ አላቸው። አሜሪካዊው ሠዓሊ ኬሪ ጄምስ ማርሻል ሰዎቹን የሚስላቸው በጥቁር ቀለም ነው፣ ግን ጥቁሩ አንድ ዓይነት አይደለም። አይቮሪ ብላክ፣ ካርቦን ብላክ፣ ማርስ ብላክ የሚባሉ የጥቁር ቀለም ዓይነቶችን ይለያያቸዋል፣ ከዚያ ሌላ ቀለም እየጨመረ አንዱን ሞቅ፣ ሌላውን ቀዝቀዝ ያደርገዋል። ሌላዋ አሜሪካዊት ሠዓሊ ኤሚ ሼራልድ ደግሞ ቆዳውን ግራጫ ታደርገዋለች፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነውን የሚሼል ኦባማን ሥዕል ያያችሁ ታስታውሱታላችሁ። ሐሳቧ ይገባኛል፤ የቆዳውን ቀለም ስታነሳው ሰውየው ይቀራል። ለተማሪ ግን አልመክረውም። ሼራልድ ተራራውን ወጥታ ነው የተወችው፣ እኛ ገና ግርጌው ላይ ነን።

ወደ ግንባሩ ልመለስ። ጥቁር ፊት ላይ ከጥቁሩ ይልቅ የሚያስቸግረው ብርሃኑ ነው። ቀላ ያለ ቆዳ ላይ ብርሃኑ ተበትኖ ስለሚመለስ፣ ከብርሃን ወደ ጥላ የሚሄደው ቀስ እያለ ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ ግን አብዛኛውን ይውጠዋል፣ በግልጽ የሚታየን ከላይ ላዩ የሚያንጸባርቀው ነው። ግንባር፣ የአፍንጫ ጫፍና የጉንጭ አጥንት ላይ ያለው ብርሃን ጠርዙ ስል የሚሆነው ለዚህ ነው። ደግሞ ያ ብርሃን የሰውየውን መልክ ሳይሆን የመጣበትን ቦታ ቀለም ይዞ ነው የሚታየው። መስኮት ሥር የተቀመጠ ልጅ ግንባሩ ላይ ሰማይ አለ። ሰማያዊ ነው፣ እውነቴን ነው፣ ዛሬውኑ ወንድማችሁን መስኮት ሥር አስቀምጣችሁ እዩት። አምፖል ሥር ካስቀመጣችሁት ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ ብርሃኑም በአንድ ነጥብ ይሰበሰብና ላብ ይመስላል። ከአምፖል መስኮት ይሻለኛል ያልኩት ለዚህ ነው።

እስክሪብቶ ደግሞ ምሕረት የለውም። ላጲስ የለም፣ በኋላ የሚደፋበት ነጭ ቀለም የለም። ያለን ብርሃን ወረቀቱ ብቻ ነው፣ አንዴ ከተሰመረበት ሄደ። ስለዚህ ብርሃኑ የሚቀርበት ቦታ መጀመሪያ ይወሰናል፣ ከዚያ ወዲያ እጅ አይነካውም።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሰማያዊ እስክሪብቶ አነሳለሁ። ከኋላ ጫፉ አካባቢ ይዤ፣ ሳልጫነው፣ በራሱ ክብደት ብቻ በብርሃኑ ዙሪያ አስኬደዋለሁ። መስመሩ ሊታይም ላይታይም ይችላል፣ እንደዚያ ቀጭን ነው። ከዚያ ጥቁሩ ይመጣል። ከቅንድብ ይነሳና ወደ ፀጉሩ ይወጣል፣ እዚያ ሲደርስ ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ የግንባሩን ክብነት የሚሰጠው ይሄ መታጠፍ ነው። ቀጥ ያለ መስመር ደርድራችሁ ጨለማ ልታደርጉት ትችላላችሁ፣ ግን ግድግዳ ነው የሚሆንባችሁ። ትልቁ ነገር ደግሞ ይሄ ነው፦ ጥቁሩን እስከ ነጩ ወረቀት አላደርሰውም። በመሃላቸው ሰማያዊው ብቻውን የሚታይበት አንድ ቀጭን ድንበር እተዋለሁ። ያ ድንበር ከሌለ ነጩ ቦታ የተለጠፈ ወረቀት ይመስላል። ካለ ግን ግንባሩ ወዛም ይሆናል፣ ይተነፍሳል። በመጨረሻ ቀይ እስክሪብቶ፣ በጣም በትንሹ፣ የጆሮው ጠርዝና የአፍንጫው ክንፍ ላይ፤ ብርሃን ከኋላ ሲመጣበት ጆሮ ይቀላል።

ስለ እስክሪብቶው ራሱ ብዙ አወራለሁ፣ ታገሡኝ። ጫፉ ላይ ያለችው ኳስ ቀለም ታጠራቅማለች፣ ሳትጠብቁት ፊቱ ላይ ትተፋዋለች። ስለዚህ ግራ እጄ ላይ ሁልጊዜ ሶፍት አለ፣ ጥቂት መስመር በሳብኩ ቁጥር ጫፉን እጠርገዋለሁ። የቱሉ ዲምቱ ጠዋት ደግሞ ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ ቀለሙ ይወፍርና መስመሩ መቆራረጥ ይጀምራል። ሻይ እስኪፈላ ብብቴ ሥር አቆየዋለሁ። ሳቁ፣ ግን ይሠራል። ሌላው፣ ጥቁር እስክሪብቶ ሲደራረብ የመዳብ ዓይነት ማብለጭለጭ ያመጣል። በጣም ጥቁር እንዲሆን የፈለጋችሁት ቦታ ይገለበጥና ወደ ቀይ ቡናማ ይሄዳል። መድኃኒቱ አለመጫን ነው፤ ተጭኖ አንዴ ከመጨረስ፣ ቀለል አድርጎ አድርቆ በሌላ አቅጣጫ መመለስ። ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ኦዱቶላ ግን ያንን ማብለጭለጭ ራሱን እንደ ቆዳ ወዝ ትጠቀምበታለች። እኔ እዚያ አልደረስኩም።

ከፎቶ የምትስሉ ደግሞ ስልካችሁን አትመኑት። ልጁን መስኮት አጠገብ አቁማችሁ ስታነሱት፣ ስልኩ የሚለካው ሰማዩን ይሆንና ፊቱ ጥቁር ጉድጓድ ሆኖ ይወጣል። ፊቱ ላይ ነክታችሁ ብርሃኑን አስተካክሉ። ‹ቢውቲ› የሚባለውን ነገር ደግሞ አጥፉት፣ በእናታችሁ! ግንባር አቅልቶ፣ አለስልሶ፣ ሰውየውን ሌላ ሰው ያደርገዋል። ነገሩ የዛሬ አይደለም። ድሮ የፎቶ ፊልም አምራቹ ኮዳክ የፎቶ ቀለም የሚያስተካክለው በአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ነበር፣ ‹ሸርሊ ካርድ› ይሉታል። ጥቁር ፊት በዚያ ፊልም ጥርስና ዓይን ብቻ ሆኖ ይወጣ ነበር። ኩባንያው ነገሩን ማሻሻል የጀመረው ደግሞ የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች የዕቃችን ቀለም አልወጣም ብለው ስላማረሩ ነው ይባላል። እንግዲህ ከሰው ቸኮሌት ተሰማ።

አሁን የምጣላባቸውን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ በጣት የሚፈትጉ። እርሳሱን በጣት አለስልሶ ‹ሪያሊስቲክ› ሆነልኝ ማለት ፊቱን ማላመጥ ነው፣ አጥንት አይተውለትም። ሁለተኛ፣ ካሬ አስምሮ መገልበጥ። እኔም ያደረግኩት ነገር ነው፣ አልክድም፣ መመሳሰሉን ያመጣል። ግን ከዓመት በኋላም ካሬ ከሌለ አፍንጫ የት እንደሚቀመጥ የማያውቅ ሰው አውቃለሁ። ሦስተኛ፣ ታዋቂ ሰው ብቻ የሚስሉ። ፀጉር ቤቶቻችን ግድግዳ ላይ ያሉት የአሜሪካ ዘፋኞችና የኳስ ተጫዋቾች አይበቁም? በር ላይ የቆመው ልጅ እያለ!

ግን የበር ላይ ልጅን መሳልም የራሱ ጣጣ አለው። የባጃጁ ልጅ ሥዕሉን ሳሳየው መጀመሪያ ያለኝ ‹እህቴ፣ እንዲህ ጠቁሬያለሁ እንዴ? ትንሽ ቀላ አድርጊኝ እንጂ› ነው። ሌሎቹም ይሉኛል። ኦዱቶላ አላባማ ውስጥ ጥቁር መሆን ምን ማለት እንደሆነ ብትጠይቅ ይገባኛል፤ በአንድ ወቅት ታዋቂ ነጭ ወንዶችን ሳይቀር ቆዳቸውን በጥቁር እስክሪብቶ ሠርታዋለች፣ ጥያቄው እንዲገለበጥ። እዚህ ግን ባጃጅ ተራ ላይ የተሰለፈው ሁሉ ጥቁር ነው፣ ማንም ያንን ጠይቆት አያውቅም፣ ሆኖም ስልኩ ላይ ያለው የራሱ ፎቶ ከፊቱ የቀላ ነው። ያንን ጥያቄ ከአሜሪካ እንዳለ አምጥቶ ቱሉ ዲምቱ መትከል አይታየኝም። የእኛው የራሱ ነው፣ ‹ቀላ አድርጊኝ› የሚለው ውስጥ አለ። እኔ አላቀላሁትም። ተከራከርን፣ በመጨረሻ ጎፈሬውን አሳምሬ ስለሳልኩለት ታረቅን።

እናቱ ደግሞ ሌላ ቅሬታ አመጡ። በጎን ነበር የሳልኩት፣ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታይ። ‹ልጄን ለምን እንደ ሰይጣን በአንድ ዓይን ሣልሽብኝ?› አሉ። ልክ ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች በጎን ነው የሚሳሉት። እኔ ስለ ግንባር ብርሃን ሳስብ እሳቸው የሚያዩት ሌላ ነው። ሁለተኛውን ፊት ለፊት ሳልኩት፣ እውነቱን ለመናገር ከመጀመሪያው የተሻለው እሱ ነው።

ሥዕል ድሮ እንደ ሠዓሊውና መምህሩ ታደሰ መስፍን ያሉ ብቻ የሚደርሱበት ነገር ይመስለኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ቬኒስ ቢናሌ በሚባለው የጣሊያን ትልቅ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ ላይ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ማሳያ (ፓቪሊዮን) ስትከፍት ሥራውን ያሳየው ሠዓሊ ተስፋዬ ኡርጌሳ የእሳቸው ተማሪ የነበረ ነው። በዚያው ዓመት በናይጄሪያ ማሳያ ኦዱቶላ ነበረች። ሁለቱ አንድ ከተማ ውስጥ ማሳየታቸውን ሳውቅ ለምን እንደሆነ አላውቅም ደስ አለኝ፣ እኔን ምን አገባኝ እንዳትሉ።

አንድ ሥዕል ሸጬያለሁ፣ ለሰፈራችን ፀጉር ቤት። የእስክሪብቶ ቀለም ፀሐይ ላይ ይለቃል፣ ጥላ ቦታ ስቀለው ብዬ አስጠንቅቄው ነበር። ከበሩ ፊት ለፊት ሰቀለው፣ ደንበኛ እንዲያየው። በየቀኑ ሳልፍ እያየሁት ሆዴ ይቃጠላል፣ ግን ገንዘቡን በልቼዋለሁ።

እጅ ገና አልመጣልኝም፣ ስለ እጅ አትጠይቁኝ። እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ ወፈር ያለ ኤ3 ወረቀት ከመርካቶ ወዲህ የት ይገኛል? የፎቶ ኮፒ ወረቀት እስክሪብቶ ሲደጋገምበት ይበሳል፣ የእኛ ሰፈር ባለሱቅ ግን ‹ወረቀት ወረቀት ነው› ብሎ ድርቅ ብሎብኛል።