ጥርት ያለው ፈሳሽ

ታናሽ ወንድሜን ራሱን ማመም ሲጀምረው ፈተና ደርሶበት ስለነበር ሁላችንም በድካም አመካኘን። ማስታገሻ ሲውጥ ቀለል ይለዋል፣ ማታ ማታ ትንሽ ያተኩሰዋል፣ ጠዋት ደግሞ ይነሳል። በሦስተኛው ሳምንት ጠባዩ ተለወጠ። ሲጠሩት አይመልስም፣ ሲመልስም ይቆጣል። እኔም አኮረፍኩት፤ አራት ቀን ሙሉ አላናገርኩትም። ያ ሁሉ ሕመም እንደነበር ሳስበው ዛሬም አንጀቴ ይላወሳል።

አንድ ጠዋት «ሁለት ሆነሽ ነው የምትታዪኝ» አለኝ። ቀና ብዬ ሳየው ግራ ዓይኑ ወደ አፍንጫው ዞሯል።

ሐኪሟ ማጅራት ገትር ጠርጥራ ከጀርባው ፈሳሽ መወሰድ አለበት ስትል እናታችን «ልጄን ሽባ ልታደርጉት ነው?» ብላ እምቢ አለች። ሐኪሟ አልተቆጣችም። የገዛ ወገቧን በጣቷ እየነካች፣ ኅብለ ሰረሰር የሚያበቃው ከላይ እንደሆነ፣ መርፌው ግን ከዚያ ዝቅ ብሎ እንደሚገባ አሳየቻት። እናታችን ፈረመች።

ጠብ ጠብ ሲል አየሁት፤ ውሃ ነው የሚመስለው። «ተመስገን፣ ንጹሕ ነው» አልኩ። ሐኪሟ ግን ዝም አለች። ለካ በሌሎች ባክቴሪያዎች የሚመጣው ማጅራት ገትር ፈሳሹን ብዙ ጊዜ ያደፈርሰዋል እንጂ፣ የቲቢው ጥርት ብሎ ሊወርድ ይችላል። ውጤቱ ሲመጣ ስኳሩ ወርዷል፣ ፕሮቲኑ ንሯል፣ ከነጭ የደም ሴሎቹ የበዙት ሊምፎሳይት የሚባሉት ናቸው፤ ይህ ሁሉ ወደ ቲቢው ማጅራት ገትር ያመለክታል። የባክቴሪያውን ዘረመል የሚፈልገው የጂን ኤክስፐርት ምርመራ ግን ቲቢ አላገኘም። በፈሳሹ ውስጥ ባክቴሪያው ጥቂት ስለሚሆን «የለም» መባሉ ብቻውን አያስተማምንም። ሐኪሟ ሌላ ማረጋገጫ ሳትጠብቅ በዚያው ምሽት መድኃኒት አስጀመረችው። ለዚህ ዕድሜ ልኬን አመሰግናታለሁ፤ ይህ በሽታ ቀን አይሰጥም።

አንዴም አልሳለም እኮ! ባክቴሪያው በሳንባ ገብቶ በደም አንጎል ይደርሳል፣ እዚያ አድፍጦ ይቆይና የአንጎልን ሽፋን ያስቆጣል።

ሕክምናው 12 ወር ፈጀ፤ ሁለት ወር አራት ዓይነት፣ ቀሪውን አሥር ወር ሁለት ዓይነት መድኃኒት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እብጠቱን የሚቀንስ ዴክሳሜታዞንም ነበረው። ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ፣ ሪፋምፒሲን፣ ሽንቱን ብርቱካንማ ሲያደርገው ደም መስሎን ደንግጠን ነበር። ሳይሻለው ቀርቶ ሳይሆን ተሽሎት «በቃኝ» ያለበት ወር ከሁሉም ከበደኝ፤ በየጠዋቱ እስኪውጥ ፊቱ ቆሜ እጠብቅ ነበር።

ዓይኑ ተመልሷል። ቀኝ እጁ ግን የሸሚዙን ቁልፍ ሲቆልፍ ይዘገያል። ልረዳው ስጠጋ «ተይ፣ ራሴ» ይለኛል። አጠገቡ ቁጭ ብዬ እያወራሁት እጠብቀዋለሁ።