ትልቅ ክንፍ ይቅርባችሁ

አዳማ ውስጥ ከተማሪዎች ጋር የውሃ ሮኬት፣ ማለትም በታመቀ አየር ውሃ እየተፋ የሚወነጨፍ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ለመሥራት ያሰባችሁ መምህራን፣ ይህን ሳታነቡ አትጀምሩ። እኔን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። በእጄ የነበረው አንድ መመሪያ ብቻ ነው፤ እሱም የተማሪዎችን የፈጠራ ውድድር ያዘጋጀው ኮሚቴ የበተነው፣ ፎቶ ኮፒው የደበዘዘ ወረቀት። «ክንፉ በሰፋ መጠን፣ አፍንጫው በከበደ መጠን ሮኬቱ ይረጋጋል» ይላል። አዳራሽ ውስጥ ለሚወነጨፍ ሮኬት ይሁን። ከአዳማ ወጣ ስትሉ የምታዩአቸው የነፋስ ተርባይኖች ግን ለጌጥ አልተተከሉም። የመጀመሪያው ጣቢያ 51 ሜጋ ዋት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የተመረቀው ሁለተኛው ደግሞ 153 ሜጋ ዋት አቅም ይዘው የቆሙት ይህንኑ ነፋስ ተማምነው ነው። ውድድሩን ደግሞ ነፋሱ በሚበረታበት በበጋ፣ በጥር አደረጉት።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልጨርሰው። ጠርሙሱ የለስላሳ ይሁን፤ የውሃ ሃይላንድ ግድግዳው ስስ ነው፣ ጋዝ ላለው መጠጥ አልተሠራም። ቫልቩን ከአሮጌ ከመነዳሪ ቆርጦ የሰጠን የሰፈራችን ጎሚስታ ነው፤ ገንዘብ አልቀበልም አለ። ማስወንጨፊያውን አንድ በያጅ ሠራልን። ክንፉን ከፒቪሲ ኮርኒስ ቁርጥራጭ ቆረጥን። ትኩስ ሙጫ ጠርሙሱን ስለሚያለሰልሰው ሰፊ ፕላስተር ተጠቀሙ። አዲስ ጠርሙስ በመጀመሪያ በውሃ ጢም ብሎ ተሞልቶ ይነፋ፤ ውሃ ስለማይታመቅ ቢቀደድም ያፈሳል እንጂ አይፈነዳም። እኛ የአየሩን ግፊት ከ4 ባር አላሳለፍንም። ልጆቹ መነጽር ያድርጉ፣ መልቀቂያውም በረጅም ሲባጎ ከሩቅ ይሳብ። የሜዳው ፈቃድ አንድ ማኅተም ብቻ ጠየቀን፤ እስካሁን ይገርመኛል።

መከራው ክንፉ ላይ ነው።

ክንፍ ያለው ማንኛውም ተወንጫፊ፣ ቀስትም ይሁን ሮኬት፣ ሁለት ነጥቦች አሉት። አንደኛው የክብደቱ ማዕከል ነው፤ አየር ላይ ሲሆን በዚህ ዙሪያ ይዞራል። ሁለተኛው የግፊት ማዕከል ነው፤ ከጎን የሚገፋው አየር ተደምሮ የሚያርፍበት ቦታ። የግፊት ማዕከሉ ከክብደቱ ማዕከል ኋላ ከሆነ፣ ሮኬቱ ሲያዘነብል አየሩ ጅራቱን ገፍቶ ያቀናዋል። ፊት ከሆነ ግን ያገላብጠዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በሮኬቱ ውፍረት ይለካል፣ ካሊበር ይባላል። ባለ ሁለት ሊትር ጠርሙስ ውፍረቱ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ አንድ ካሊበር ማለት 11 ሴንቲ ሜትር ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ካሊበር ያለው ሮኬት ጤነኛ ነው ይባላል። እዚህ ድረስ ከኮሚቴው ጋር ጠብ የለንም።

መመሪያው የግፊት ማዕከሉን እንድናገኝ ያዘዘን በካርቶን ነው፦ የሮኬቱን ጥላ በካርቶን ቁረጡ፣ በማስመሪያ ጠርዝ ላይ አስቀምጡ፣ ሚዛኑን የጠበቀበት ቦታ የግፊት ማዕከል ነው። ልጆች ይወዱታል፣ እኔም ወድጄው ነበር። ነገር ግን ካርቶኑ የሚነግራችሁ ሮኬቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ጎን ተጋድሞ ሲሄድ፣ ማለትም አየሩ በ90 ዲግሪ ሲመታው፣ ግፊቱ የሚያርፍበትን ነው። አፍንጫውን ወደ ፊት አድርጎ ለሚበር ሮኬት ነጥቡ ከዚያ ኋላ ነው። ስለዚህ በካርቶን የሚለካ ሰው ሁልጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ ክንፍ ይጨምራል።

ለትክክለኛው በረራ የሚሆነው ጄምስ ባሮውማን የተባለ የናሳ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለትንንሽ ሮኬቶች ያቀለለው ስሌት ነው። አንድ ገጽ አይሞላም፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ በካልኩሌተር ይሠራዋል። በዚህ ስሌት ሮኬቱ ብዙም ሳያዘነብል ሲሄድ ቀጥ ያለው የአካሉ ክፍል ምንም አይቆጠርም፤ የሚቆጠሩት አፍንጫውና ክንፎቹ ናቸው። የክንፉ ኃይል ዋና መሪ ደግሞ ከአካሉ ወደ ውጭ የተዘረጋበት ርዝመት ነው፤ ያ ርዝመት በካሬ ይገባል። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

መመሪያው ፈጽሞ የማያነሳው ሌላ ነገር አለ። የውሃ ሮኬት ክብደቱን መንገድ ላይ ይቀይራል። ሲነሳ ውሃው ታች፣ አፉ ጋ ነው፤ የክብደቱ ማዕከል ወደ ኋላ ይሳባል። ውሃው ተተፍቶ ሲያልቅ ማዕከሉ ዘሎ ወደ አፍንጫው ይሄዳል። በመመሪያው ልክ የሠራነውን ሮኬት ሳሰላው ውሃ እንደያዘ አንድ ካሊበር እንኳ አይሞላም፤ ባዶውን ግን ወደ ሦስት ይጠጋል። አንዱ ሮኬት ሁለት ጠባይ አለው ማለት ነው፣ የሚቀየረውም ዓይን እስኪጨፈን ባለ ጊዜ ውስጥ ነው።

ይህን በወረቀት ይዤ ከውድድሩ በፊት ወደ ኮሚቴው ሄድኩ። ሰብሳቢው ጥሩ ሰው ናቸው፣ ሻይ አዘዙልኝ። ወረቀቴን ግን ገልብጠው አላዩትም። «ወንድሜ፣ ዝቅተኛው የክንፍ ስፋት በመመሪያው ተወስኗል። ከዚያ ያነሰ ይዛችሁ ብትመጡ ለደህንነት ሲባል አታስወነጭፉም» አሉኝ። አንድ የኮሚቴው አባል ደግሞ ዕውቀት ጨመረልኝ፦ አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ስለዚህ ክንፉ ከሌላው አገር ይበልጥ መስፋት አለበት። አየሩ ስስ መሆኑ እውነት ነው፣ ከባሕር ዳርቻው 15 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ግን ክንፉን የሚገፋውም፣ አፍንጫውን የሚገፋውም፣ ከጎን የሚመጣው ነፋስም ያው ስስ አየር ነው፤ የግፊት ማዕከሉ ከቦታው አይነቃነቅም። «መመሪያው ላይ የለም» ተባልኩ። ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

የውድድሩ ዕለት ተራችን የደረሰው ከቀትር በኋላ ነው። ጠዋቱ በንግግር አልቆ ነበር፤ ጠዋት ጸጥ ያለው ሜዳ በዚያ ሰዓት አቧራውን እያስነሳ፣ የእንግዶቹን ድንኳን ሸራ እያርገበገበ ነበር። ድንኳኑ የተተከለው ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ነው፤ አቧራው እንግዶቹን እንዳይመታ ብለው መሆኑ ነው። ይነሳልን ብንል የሚሰማ አልነበረም።

ተማሪዬ ሲባጎውን ሳበችው። ሮኬቱ ሽው ብሎ ተነሳ፣ ከሁለት ሰው ቁመት ያላለፈ እስኪወጣ ቀጥ ብሎ ሄደ። ከዚያ እነዚያ ሰፋፊ ክንፎች ነፋሱን አገኙት። ሰፊ በር በነፋስ ጓ ብሎ እንደሚዘጋ ጅራቱ በአንድ ምት ተገፋ፣ አፍንጫው ወደ ነፋሱ ዞረ፣ ማለትም ወደ ድንኳኑ። የቀረውን ውሃ እየተፋ አግድም በረረ። በእንግዶቹ ራስ ላይ አልፎ ከኋላ የቆመ ባጃጅ ሸራ ላይ ተሰካ። ውሃው ያረጠበው የፊተኛውን ረድፍ ነው፣ ኮት የለበሱትን። ማንም አልተጎዳም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የባጃጁ ሾፌር ግን ለሸራው ያስከፈለኝ ከሮኬቱ ወጪ ይበልጣል።

እዚህ ላይ የሆነውን በደንብ እዩት፣ ምክንያቱም ከውጭ የሚያይ ሰው «ሮኬቱ አልተረጋጋም» ይላል። ሮኬቱ ግን ውሃው እየጎደለ ሲሄድ ከመጠን በላይ ተረጋግቶ ነበር። የረጋ ሮኬት የሚታዘዘው ለሰማዩ ሳይሆን ለሚሰማው አየር ነው፤ አፍንጫውን አየሩ ወደሚመጣበት ያዞራል። ቁጥሩ ቀላል ነው፦ ሮኬቱ ማስወንጨፊያውን ሲለቅ በሴኮንድ 10 ሜትር ቢሄድና ከጎን የሚመጣው ነፋስ በሴኮንድ 5 ሜትር ቢሆን፣ የሚሰማው አየር ከፊቱ ሳይሆን 27 ዲግሪ ገደማ ተጋድሞ ይመጣል። ያንኑ ነፋስ በሴኮንድ 25 ሜትር እየሄደ ቢያገኘው ግን ማዘንበሉ 11 ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ አደጋው ያለው መነሻው ላይ ነው፣ ሮኬቱ ገና ቀርፋፋ ሳለ። በዚያች ሰዓት ትልቅ ክንፍ ማለት ነፋሱ የሚይዘው ትልቅ እጀታ ማለት ነው።

ኮሚቴው ምን አለ? ሰብሳቢው ኮታቸውን በመሐረብ እየጠረጉ መጡና «አየህ፣ ክንፉ አንሷል» አሉ። ተጨማሪ ክንፍ ለጥፈን ዳግም እንድንሞክር ተፈቀደልን። ልጆቼ ፊት መከራከር አልፈለግሁም፤ ማስወንጨፊያውን ግን ከድንኳኑ ሌላ ወገን እንዲዞር አስደረግሁ። ለጠፍን፣ አስወነጨፍን፣ ካለፈውም ዝቅ ብሎ ዞረና አጥሩ ሥር ተከሰከሰ። ነጥባችን «መረጋጋት» በሚለው ረድፍ ዜሮ ሆነ። ከልጆቹ አንዷ «ቲቸር፣ እኛ ያሰላነው ትክክል ነበር አይደል?» ብላ ስትጠይቀኝ ኮሚቴው እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ትክክል ነበር» አልኳት። እስከ ዛሬ ከተናገርኩት ሁሉ በዚህ አልጸጸትም።

በትምህርት ቤታችን ሜዳ ራሳችን የሠራነው እንዲህ ነው። ክንፉን አሳጠርን፤ ከአካሉ ወደ ውጭ የሚወጣውን ቀንሰን ወደ ኋላ እንዲጋደም፣ ጫፉም ከጠርሙሱ አፍ አልፎ እንዲወርድ አደረግን። ውሃውን ከሲሶ ወደ ሩብ አወረድነው፤ ሲነሳ ጅራቱ ላይ የሚንጠለጠለው ክብደት ቀለለ። አፍንጫው ውስጥ ያለውን የስቱኮ ክብደትም ቀነስነው፤ መመሪያው ጨምሩ ያለውን ማለቴ ነው። ከሁሉ በላይ የጠቀመን ግን ማስወንጨፊያውን መለወጣችን ነው፦ በጠርሙሱ አፍ ገብቶ ውስጡን ይዞ የሚቆም ረጅም የፒቪሲ ቱቦ። ሮኬቱ ቱቦውን ለቆ እስኪወጣ ሊዞር አይችልም፣ ሲወጣም ፍጥነት ይዟል። ክንፍ ያለ ፍጥነት ምንም አይሠራም፤ ኃይሉ በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። የመጀመሪያዋን ቅጽበት ለቱቦው ስጡ፣ የቀረውን ለክንፉ።

የሲባጎ ፈተናን በተመለከተ፣ ሮኬቱን በክብደቱ ማዕከል አስሮ በራስ ዙሪያ ማሽከርከር ጥሩ ነው፣ አፍንጫውን አስቀድሞ ከዞረ ጤነኛ ነው። ነገር ግን ሲባጎው አጭር ከሆነ ሮኬቱ በጠባብ ክብ ስለሚዞር ደህናውን ሮኬት መጥፎ ያስመስለዋል። ደግሞም የምትፈትኑት ባዶውን ነው፤ ውሃ የያዘውን ጠባይ አይነግራችሁም፣ ለዚያ ስሌቱን ሥሩ።

በማለዳ፣ ነፋሱ ሳይነሳ አስወነጨፍን። ከ50 ሜትር ርቀት ላይ በፕሮትራክተርና በክር ማዕዘኑን ስትለካ የነበረችው ተማሪ 45 ዲግሪ ብላ ጮኸች፤ ያም 50 ሜትር ከፍታ ማለት ነው። እሷ ልኬቱን ሳትጽፍ መዝለል ስለጀመረች ደብተሯን የያዝኩት እኔ ነኝ።

አሁን ምክሬ። ኮሚቴው መመሪያውን አልቀየረም፣ የሚቀይርም አይመስለኝም። ነገር ግን ወረቀቱን ደጋግማችሁ አንብቡት፤ የሚለው «የአንዱ ክንፍ ስፋት ከዚህ ያህል ካሬ ሴንቲ ሜትር አይነስ» ነው እንጂ ወደ ውጭ ስንት ይዘርጋ አይልም። የክንፉ ኃይል ደግሞ በዝርጋታው ካሬ ነው ብያለሁ። እንግዲህ ክንፉን ከአካሉ ጋር የሚገናኝበትን አስረዝሙት፣ ወደ ውጭ ያለውን አሳጥሩት፣ ወደ ኋላ አጋድሙት። ካሬ ሴንቲ ሜትሩ ይሞላል፣ ነፋሱ የሚይዘው እጀታ ግን ያንሳል። ከመጠን በላይ ብታስረዝሙት የግፊት ማዕከሉ ወደ ፊት ይሸሻል፣ ውሃ የያዘው ሮኬት ይገለበጣል፤ ስለዚህ በሁለቱም ጠባይ፣ ሞልቶም ባዶውንም፣ አስሉት። በሚቀጥለው ውድድር እኛ ይህንኑ አደረግን። ሰብሳቢው በማስመሪያ ለኩ፣ በካልኩሌተር አባዙ፣ «አሁን ገና መመሪያውን ተረዳችሁ» ብለው ፈረሙልን።