ውሉ ተቋርጧል፤ ስራውን ማን ለካው?

ዛሬ ደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት ዋልኩ። የተጠራሁት ለባለሙያ ምስክርነት ነው። ነገሩ የተለመደ ነው። መንዝ ውስጥ የተጀመረ የመንግስት ህንፃ አለ፤ ግድግዳው ቆሞ ጣሪያ ሳይለብስ ቀረ። አሰሪው መስሪያ ቤት «ስራውን ጥሎ ጠፋ» ብሎ ውሉን አቋረጠ። ኮንትራክተሩ ደግሞ «ክፍያዬን ይዛችሁ በምን ልስራ?» ብሎ ከሰሰ። ጠበቆቹ ማን ቀድሞ አጠፋ በሚለው ሲሟገቱ ረፋዱ አለቀ።

በኋላ ዳኛዋ ወደ እኔ ዞረው ጠየቁኝ። «ውሉ በተቋረጠበት ቀን ስራው የት ደርሶ ነበር?»

መልሱ ፋይሉ ውስጥ የለም። የማቋረጫው ደብዳቤ አለ፣ ማህተሙም ቁጥሩም አለ። ልኬቱ ግን የተደረገው ሌላ ኮንትራክተር ገብቶ ልስን ከጀመረ በኋላ ነው። የትኛው ብሎኬት የማን እንደሆነ ከግድግዳ ላይ ማንበብ አይቻልም። ይህንኑ ተናገርኩ።

የሚገርመኝ፣ ውሎቹ ይህን አልረሱትም። በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣው አራተኛው የፊዲክ (የዓለም አቀፉ የግንባታ ውል ናሙና) እትም አንቀጽ 63ን ብናይ፣ ስራውን የሚቆጣጠረው መሃንዲስ ጥፋቱን በፅሁፍ ያረጋግጣል፣ አሰሪው የ14 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ ከዚያ ሳይቱን ይረከባል። ወዲያው ቀጥሎ መሃንዲሱ እስከዚያ ቀን የተሰራውን ስራ፣ በሳይቱ ያለውን ማቴሪያልና መሳሪያ ዋጋ ያወጣል። 14ቱን ቀን ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። ቀጣዩን ንዑስ አንቀጽ ግን ማንም አያነሳውም።

ሂሳቡ ደግሞ በሙሉ ከዚህ ልኬት ላይ ነው የሚነሳው። ቅድሚያ ክፍያ በፌዴራል የግዢ ህግ እስከ 30 በመቶ ይደርስ ነበር፤ ከየክፍያ ሰርተፊኬቱ እየተቆረጠ ነው የሚመለሰው። ስራው መሃል ላይ ሲቆም ያልተመለሰ ቀሪ ይኖራል። የመዘግየት ቅጣት አለ። አዲሱ ኮንትራክተር በውድ ዋጋ ሲገባ ልዩነቱ በቀድሞው ላይ ይታሰባል። ይህ ሁሉ የሚቀነሰው ከተሰራው ስራ ዋጋ ነው። የተሰራው ካልታወቀ ከምን ይቀነሳል?

አንድ ጊዜ ወደ መሃል ሜዳ አካባቢ እንዲህ ያለ ሳይት ልንለካ ሄድን። የኮንትራክተሩ ሰው ተጠርቶ አልመጣም። ነፋሱ ሜትሩን እያጣመመ አስቸገረን። መጋዘን ውስጥ ያለው ሲሚንቶ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፤ ከረጢቱ ሲቀደድ የከረጢቱን ቅርፅ ይዞ ይቆማል። የየቀኑ ስራ የሚመዘገብበት የሳይት ቡክ የለም። ዘበኛው ብቻ ነበሩ፤ ደሞዛቸው ከቆመ ቆይቷል፣ ግን አልሄዱም። ወሬ ጀምረን ሳለ ከጋቢያቸው ስር አንድ የተማሪ ደብተር አወጡ። አንዱ መስመር ላይ «ባለ 12 ፌሮ ሃያ ፍሬ በአይሱዙ ወጣ። ፎርማኑ ነው ያስወጣው» ይላል። ቀኑ ከነወሩ ተፅፏል።

«ጋሼ፣ ማን ፃፉ አለዎት?» አልኳቸው።

«ኧረ ልጄ፣ ኋላ አንተ ነህ የሰረቅከው ቢሉኝስ ብዬ ነው።»

በኋላ ሁለቱ ወገኖች ሂሳብ ሲተሳሰቡ ያ ደብተር ከመስሪያ ቤቱ ሪፖርት ይልቅ ጠቀመ።

ኮንትራክተሮች ሲከራከሩ የሚያመጡትን ምክንያት እኔም አዝንለታለሁ። ግን አብዛኛው በህጉ ፊት አይቆምም። ዝናብን እንውሰድ። ውሉ የጊዜ ማራዘሚያ የሚሰጠው ከተለመደው ውጪ ለሆነ የአየር ሁኔታ ነው። መንዝ ላይ ሐምሌና ነሐሴ መዝነቡን ጨረታ ስትገባ አታውቅም ነበር? የሲሚንቶ ዋጋስ? የ1952ቱ የፍትሐብሔር ህግ አንቀጽ 1792 ግዴታውን ይበልጥ ከባድ ያደረገ ነገር ብቻውን ከአቅም በላይ አይባልም ይላል። መንገድ ሲዘጋ ግን ሌላ ነው። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልላችን ይህን ያላየ ሳይት ጥቂት ነው። ያም ቢሆን በ28 ቀን ውስጥ ለመሃንዲሱ ማሳወቅ አለበት። ብዙዎቹ በስልክ ነግረው ይቀራሉ።

ክፍያ ዘገየ የሚለው ከሁሉም ያሳምማል፤ እውነት ነውና። ያው የፍትሐብሔር ህግ አንቀጽ 3177 ላይ ጠበቅ ይላል፤ መንግስት ግዴታውን ስላልተወጣ ብቻ ስራ አታቆምም፣ መስራት የማይቻል ካላደረገብህ በቀር። ፊዲክ በበኩሉ ክፍያ ካለፈ የ28 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተህ ማቆም ትችላለህ ይላል። የትኛውም ይያዝ፣ ደብዳቤ ሳይፅፉ ማሽን ጭኖ መውጣት ራስን አሳልፎ መስጠት ነው።

አሰሪዎቹም ንፁህ አይደሉም። ማስጠንቀቂያውን ዘለው በቀጥታ «ተርሚኔት ተደርጓል» የሚሉ አሉ። ኮንትራክተሩ ስራውን ባይፈፅም ገንዘብ የሚጠየቅበት የዋስትና ቦንድ ጊዜው ሲያልፍ የሚነቁም አሉ። ቦንዱ የኢንሹራንስ ሆኖ ቅድመ ሁኔታ ካለበት ደግሞ ኢንሹራንሱ መጀመሪያ ጥፋቱን አረጋግጡልኝ ይላል፤ ያ ራሱ ሌላ ክስ ነው። ውሉ ላይ «በግልግል ይታያል» ተብሎ ሲፃፍም፣ በ2013 እስኪሻር ድረስ የፍትሐብሔር ስነ ስርዓት ህጉ አንቀጽ 315 የአስተዳደር ውልን፣ ማለትም መንግስት የሚገባውን እንዲህ ያለ ውል፣ ለግልግል አይፈቅድም ነበር። እዚያ ላይ ብቻ ስንት ቀጠሮ ይበላ ነበር።

ኮንትራክተሩ ካልመጣ መላው ከባድ አይደለም። ጥሪው በደብዳቤ ይላክ፣ ከቀበሌ ሁለት ታዛቢ ይምጣ፣ ፎቶ ይነሳ፣ ቴክ ኦፉ (የልኬቱ ወረቀት) በየገፁ ይፈረም፣ ኮፒው ይላክለት። የአንድ ወይ የሁለት ቀን ስራ ነው።

ውሉ ውስጥ የሌሉትን ግን ማንም አይለካላቸውም። ለአንዱ ሳይት አሸዋ ያመጣ የነበረ ልጅ በዚህ ሳምንት ደውሎልኛል። «ኢንጂነር፣ ያ ህንፃ ለሌላ ሰው ተሰጠ አሉ፤ የእኔን ብር ማን ይከፍለኛል?» አለኝ። መስሪያ ቤቱ አያውቅህም፣ የምትጠይቀው የድሮውን ኮንትራክተር ነው አልኩት። ያራገፍክበት ደረሰኝ አለህ ወይ?

«ደረሰኝ የለኝም፤ ሾፌሩ ግን ያውቃል።»

ሾፌሩን ይዘህ ሰኞ ና አልኩት።