የእትብት ካቴተርን ጫፍ በአልትራሳውንድ ማየት እንዴት ጀመርኩ

የምሠራው ወሎ፣ ደሴ፣ በአንድ የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ነው። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ከከተማው ብቻ ሳይሆን ከኩታበር፣ ከወረኢሉ፣ ከሐይቅም በሪፈር ይመጡልናል። የእጅና የእግር ደም ሥር አልገኝ ሲል ፊታችንን ወደ እትብት እናዞራለን። እትብት ሁለት ደም ቅዳና አንድ ደም መልስ አለው፤ አፉ ሰፋ ግድግዳው ሳሳ ያለው ደም መልሱ ነው። ፈሳሽና መድኃኒት የምንሰጥበትን ቀጭን ቱቦ፣ ካቴተሩን፣ በደም መልሱ ማስገባቱ ብዙም አያስቸግርም። ጣጣው ጫፉ የት እንደቆመ ማወቁ ላይ ነው።

መቆም ያለበት የታችኛው ትልቁ ደም መልስ ከቀኝ የልብ ክፍል ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። ካነሰ ጉበት ውስጥ ይቀርና የምንሰጠው ፈሳሽ ጉበቱን ይጎዳል። ካለፈ የልብ ምት ያዛባል፤ ከከፋም በልብ ሽፋን ውስጥ ፈሳሽ እንዲጠራቀም ያደርጋል። ስሌቱን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፦ ክብደት በኪሎ ሲባዛ በ3፣ ሲደመር 9፣ ለ2 ተካፍሎ 1 ይጨመርበታል። 1.2 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን 7.3 ሴንቲ ሜትር ይመጣል፤ የእትብቱ ጉራጅ ርዝመት ይታከልበታል። ስሌቱ ግን ርዝመት እንጂ መንገድ አይነግርም። ካቴተሩ ጉበት ውስጥ ወዳለው ቅርንጫፍ ቢታጠፍም ቁጥሩ ያው ነው።

ራጅ ደግሞ የሚያሳየን በዋናነት አጥንት ነው፤ ጫፉ ስምንተኛውና ዘጠነኛው የደረት አከርካሪ አካባቢ ከሆነ ልክ ነው እንላለን። እኔን የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ራጁ እስኪነሳና እስኪታይ ድረስ ስቴራይል (ከጀርም የጸዳው) ጨርቁ ተነስቷል። ከዚያ በኋላ ካቴተሩን ወደ ውጭ መሳብ እንጂ ወደ ውስጥ መግፋት አይቻልም፤ ጀርም ይገባል። በአልትራሳውንድ ጨርቁ ሳይነሳ እያየን እንገፋለን፣ እያየን እንስባለን። ለእኔ ከጥቅሞቹ ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው።

የጀመርኩት ካቴተራቸው ልክ መሆኑ በራጅ በተረጋገጠላቸው ሕፃናት ላይ ነው። መልሱን አውቄ ዓይኔን አስለመድኩ። የአዋቂ ሆድ የሚታይበት ትልቁ ፕሮብ (ቆዳ ላይ የሚደረገው የአልትራሳውንዱ መሣሪያ) አይሆንም፤ ትንሽና ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ያለው ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ቀጥታ ልብን ይፈልጋል፤ እኔ የምመክረው ከጉበት መጀመር ነው። ፕሮቡን ከደረት አጥንት ሥር በቁመት አስቀምጦ ጉበቱን ማየት፣ ቀጥሎ ትልቁን ደም መልስ ወደ ልብ ሲገባ መከተል። ካቴተሩ ጎን ለጎን እንደተሰመሩ ሁለት ነጭ መስመሮች ሆኖ ይታያል። ጫፉ ካልለየ ረዳቴ ትንሽ ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ)፣ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ሊትር፣ ይገፋል፤ ሲሪንጁ ውስጥ አየር አለመኖሩ አስቀድሞ ይታያል። ነጩ ብልጭታ ወዲያው ቀኝ ልብ ውስጥ ከታየ ደግ ነው፤ ጉበቱ ውስጥ ከተበተነ መንገዱን ስቷል። አንድ ሰው ካቴተሩን ይይዛል፣ ሌላው በስቴራይል ጓንት የተሸፈነውን ፕሮብ። ለብቻ የሚሠራ ነገር አይደለም።

የደሴን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቀዝቃዛ ጄል 1 ኪሎ በሚመዝን ሕፃን ሆድ ላይ ማፍሰስ ግፍ ነው። ጄሉ ቀድሞ ይሞቃል፣ የሚገለጠውም ሆዱ ብቻ ነው። አንድ ሌሊት ምስሉ ሊጠራልኝ ሲል ሲስተር ቴርሞሜትሩን አይታ «ዶክተር፣ 36.2 ገብቷል፤ አንሳው በቃ» አለችኝ። አነሳሁ። ከዚያ ወዲህ «ይብቃ» የማለት ሥልጣኑ ሙቀት የሚከታተለው ሰው ነው፤ መከራከር የለም። ከ36.5 በታች ከወረደ መጀመሪያ ይሞቃል፣ ምስሉ ይቆያል።

እናቶቹ ማሽኑን ከእርግዝና ክትትል ያውቁታል። አንዷ «ወንድ ነው ብላችሁኝ ነበር፤ ደሞ ምን ልታዩ ነው?» አለች። ቱቦው ልቡ ደጃፍ ላይ በልኩ መቆሙን ነው ብዬ አሳየኋት። ትንሽ አየችና «አብሽር ዶክተር» አለችኝ፤ እኔ ልላት የሚገባኝን እሷ ቀደመችኝ።

አንዴ ልክ ነው ተብሎ አይተውም። እትብቱ ሲደርቅና ሆዱ ሲነፋ ካቴተሩ ይንቀሳቀሳል፤ ስለዚህ በማግስቱ ደግሜ አያለሁ። ሕፃኑ በድንገት ሲደክም ደግሞ መጀመሪያ የማየው በልቡ ዙሪያ ፈሳሽ መኖር አለመኖሩን ነው። አንጀት በአየር ከተሞላ ምስሉ አይገኝም፤ ያኔ ወደ ራጅ እንመለሳለን። ሳንባ ለማየትና የመተንፈሻ ቱቦን ቦታ ለማረጋገጥም ራጁ አልቀረም።

አሁን እየተለማመድን ያለነው በክንድ በኩል የሚገባውን ረጅም ቀጭን ካቴተር ነው። እሱ ይብሳል፤ ክንድ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ጫፉ ቦታውን ይቀይራል። ስለዚህ ካርዱ ላይ ከሴንቲ ሜትሩ ጋር ሲታይ ክንዱ ታጥፎ ይሁን ተዘርግቶ መጻፍ ጀምረናል።