ታኅሣሥ 23፣ በሐምሌ

ዛሬ ፀሐይ የሚባል ነገር አልታየም። ሐምሌ ሲገባ ይቺ የአዲስ አበባ ዳር ሰፈራችን ቱሉ ዲምቱ እንዲህ ናት። አፈሩ መረሬ ነው፤ ጫማ ይዞ ይቀራል። መብራት ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ አልነበረም፣ ጠዋትም አልመጣ። ድብርት ብጤ ተጫጭኖኝ ጋቢ ተከናንቤ ቁጭ ብዬ ዋልኩ።

ከሰዓት መብራቱ ሲመጣ ያን አሮጌ ኮምፒውተር ከፈትኩት። ለምን እንደሆነ እንጃ። ፎቶ ለማየት ይሆናል። ታውቁታላችሁ፣ ያ ባለ ኮር ቱ ዱዎ (የድሮ ፕሮሰሰር ነው)፤ ባለቤቴ "ቅርስህ" የምትለው። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ወጣ፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ዊንዶውሱ ማለት ነው፣ የለም ይላል። እንዴት የለም? ትናንት የነበረውስ?

"በቃ ሞቷል። ቆራሌው ሲመጣ ስጠው" አለች ከወጥ ቤት።

ጠጋኝ ቤት ብወስደው ደግሞ መልሱን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ "ፎርማት ይደረግ።" ያለው ሁሉ ይጥፋና እንደ አዲስ ይጫን ማለት ነው። ድምፅ እምቢ ቢል ፎርማት፣ ቢንቀራፈፍ ፎርማት። የእናንተም ሰፈር መቼም ከዚህ አይለይም።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። እንዲህ ያለ አሮጌ ማሽን ሲነሳ መጀመሪያ የሚያነበው የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት ነው። 446ቱ የማስነሻ ኮድ ነው፣ 64ቱ የፓርቲሽን (ዲስኩ የተከፋፈለባቸው ክፍሎች) ሰንጠረዥ፣ የቀሩት 2ቱ ማረጋገጫ ምልክት። ሰንጠረዡ ከ4 ፓርቲሽን በላይ አይመዘግብም፤ ከእነሱም አንዱ "አክቲቭ" ተብሎ ምልክት ይደረግበታል። ዊንዶውሱን ፍለጋ የሚኬደው ወደዚያ ነው። ይህ ካልተገኘ የስንት ዓመት ፎቶ ሳይነካ ቁጭ ብሎ ማሽኑ "የለም" ይላል። ስለዚህ የለም ሲል ደንግጦ መነሳት ሳይሆን፣ ለመሆኑ የትኛው ዲስክ ዘንድ ሄዶ ነው የጠየቀው ማለት ነው።

ባዮስ ገባሁ፤ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው፣ የማሽኑ ቅንብር ያለበት ቦታ። ሁለቱም ሃርድ ዲስኮች ይታያሉ። እንግዲያው የሞተ የለም። የማስነሻ ተራው ግን ተገልብጧል፤ ፎቶ ብቻ የማጠራቅምበት ዲስክ አንደኛ ሆኗል። እሱ ላይ ዊንዶውስ ኖሮ አያውቅም፤ የለም ቢል እውነቱን ነው። ተራውን አስተካክዬ አስነሳሁት። የዊንዶውስ 7 አርማ ብቅ አለ፣ ሰማያዊ ስክሪን ብልጭ አለና ማሽኑ እንደገና ከሀ ጀመረ። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። እኔን ግን ነገሩ ደስ እያለኝ መጣ። ተራውን የገለበጠ እጅ ሌላም ነገር ሳይነካ አይቀርም። ተመልሼ ገባሁ። እውነትም የሳታው ሞድ፣ ማሽኑ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት ዘዴ፣ ኤኤችሲአይ ከሚባለው አይዲኢ ወደሚባለው ዞሯል። ዊንዶውሱ የተጫነው በኤኤችሲአይ ነው፤ በሌላኛው ሲነሳ የገዛ ዲስኩን ማንበብ ያቅተዋል። መለስኩለት።

እጁ የማን ነው ካላችሁ፣ የባትሪዋ። ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ሲአር 2032 የምትባል ክብ፣ ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች፤ ኃይል ሲጠፋ የባዮሱን ቅንብርና ሰዓቱን ይዛ የምታቆየው እሷ ናት። ከሞተች ከርማለች ማለት ነው። ግን ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ሶኬት ላይ እስከተሰካ ድረስ ትንሽ ኃይል ስለሚደርሰው ሞቷ አይታወቅም ነበር። መብራት ሌሊቱን ሲጠፋ ጊዜ ጉዱ ወጣ። ቅንብሩ ሁሉ ከፋብሪካ እንደወጣ ሆነ። በዚች ሚጢጢ ባትሪ ስንት ደህና ኮምፒውተር ፎርማት ተደርጓል፣ ስንቱስ ለቆራሌው ሄዷል! ይህን ለእሷ አስረዳኋት። "እሺ" አለችኝ። እሺታዋን ታውቁታላችሁ።

ሰዓቱም አብሮ ሄዷል። ባዮሱ ላይ ቀኑን አየሁት፤ ጃንዋሪ 1፣ 2009 ይላል። በእኛ ስቆጥረው ታኅሣሥ 23 ቀን 2001 መጣ። ለገና 6 ቀን ሲቀረው።

ቀኑን ላስተካክል ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ ቀረሁ።

ያኔ እኔ የት እንደነበርኩ ታውቃላችሁ፤ ያቺው ጣሪያዋ የምታፈስ የኪራይ ክፍል። እሱ አይደለም የያዘኝ። ይሄ አሁን የተቀመጥኩበት ቦታ ያኔ ምን ነበር? አራተኛ ፎቅ ላይ ነኝ። በዚያ ታኅሣሥ እዚህ ቁመት ላይ ያለው አየር ብቻ ነው። ከታች ማሳ። ወሩ ታኅሣሥ ከሆነ ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፤ ወይም አውድማ ላይ በሬ እየዞረበት ነው። ሽንብራው ገና አረንጓዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዳማው ፍጥነት መንገድ ገና አልተሠራም። ጭቃው ግን ይሄው ጭቃ ነው።

የብሎካችን ጥበቃ አባባ አንድ ጊዜ ዝናብ ደረጃው ሥር አስጠልሎን፣ በዱላቸው ወደ መኪና ማቆሚያው እያሳዩ "እዚያ ጋ አውድማችን ነበር" ብለውኛል። ዝናቡ አባራ፣ ወሬውም እዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ያው ደህና አደሩ፣ ደህና አመሹ ነው። ካሳው ስንት እንደነበር፣ ከብቶቹ የት እንደገቡ አልተነሳም።

ማሽኑ ዛሬ ታኅሣሥ 23 ነው ብሎ ድርቅ ሲል ግን እሳቸው መጡብኝ። በዚያ ቀን እዚህ ነበሩ። የጥበቃ ካፖርት የለ፣ ፊሽካ የለ። የገዛ በሬያቸውን እየነዱ፣ ምናልባትም ምርቱ ስንት ኩንታል ይወጣዋል እያሉ። እኔ የተቀመጥኩበትን ይህን አየር ቀና ብለው አይተውት ያውቁ ይሆን? ምን ሊያደርግላቸው!

ወርጄ ልጠይቃቸው ብዬ ተነሳሁ። ምን ብዬ? "አባባ፣ ኮምፒውተሬ ባትሪው ሞቶ ነው፣ በታኅሣሥ 2001 ምን ያደርጉ ነበር?" ኦሮምኛዬ ደግሞ ከ"አካም" አያልፍም። ሰው ኮምፒውተር ላስነሳ ብሎ ተቀምጦ መሬት አስመላሽ ሆኖ ይነሳል? እሺ፣ ጠየቅኳቸው እንበል። እሳቸውም ደግ ናቸው፣ ነገሩኝ እንበል። ሰምቼ ስጨርስ ተመልሼ የምገባው የት ነው? እዚሁ ከማሳቸው በላይ አራተኛ ፎቅ አይደል? ለዚያውም ሊፍት የሌለው።