የ2010 የይለፍ ቃል

ነገሩ የጀመረው በማክሰኞ ስብሰባ ነው። ጥቅምት 2017 ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የኔትወርክ መሣሪያ አምራቹ ሲስኮ በሦስት የኢንዱስትሪ ገመድ አልባ መሣሪያ ሞዴሎቹ ላይ ክብደቱ በ10 ነጥብ መለኪያ 10 የሆነ የደኅንነት ክፍተት መገኘቱን አስታውቆ ነበር፤ ሥራ አስኪያጃችን ወሬውን ከየት እንደሰሙት ባላውቅም «ይኼ ነገር እኛን ይነካናል?» ብለው ጠየቁኝ። አዳማ ውስጥ ባለ የዱቄትና የመኮሮኒ ፋብሪካ ለሚሠራ የኔትወርክ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ጥያቄ በዓመት አንዴ እንኳ አይመጣም፤ ስለዚህ ሳልጠግበው ላልፈው አልፈለግሁም።

ክፍተቱ ያለው መሣሪያዎቹ በሚታዘዙበት የድረ ገጽ መግቢያ ላይ መሆኑን፣ መግቢያው የሚላክለትን ነገር በወጉ ስለማያጣራ የይለፍ ቃል የሌለው ሰው እንኳ ሆን ብሎ ያዘጋጀውን መልእክት ልኮ የመሣሪያው ሙሉ አዛዥ መሆን እንደሚችል፣ ችግሩ ግን ለወደብና ለባቡር ዓይነት ሥራ በተዘጋጀው ልዩ አሠራር ላይ ላሉት ብቻ መሆኑን፣ ሶፍትዌሩን ከማሻሻል በቀር ሌላ ማምለጫ እንደሌለው በዝርዝር አስረዳሁ። «እኛ ዘንድ ከእነዚህ አንዱም የለም» ካልኩ በኋላ ማቆም ይገባኝ ነበር። አላቆምኩም። «የእኛማ የግዢ ክፍል በዝቅተኛ ዋጋ ያመጣቸው ናቸው» ብዬ ጨመርኩ። የግዢ ኃላፊው ቀና ብለው አዩኝና ወደ ማስታወሻ ደብተራቸው ተመለሱ። ሰውየው ከእኔ በ20 ዓመት ይበልጣሉ፤ ለመለዋወጫ ሬዲዮ ያቀረብኩት ጥያቄ በጠረጴዛቸው ላይ አቧራ መጠጣት ከጀመረ ቆይቶ ነበር።

የእኛዎቹ ማይክሮቲክ የተባለው አምራች የሠራቸው ሁለት የገመድ አልባ ማገናኛ ሬዲዮዎች ናቸው። አንደኛው በቁጥጥር ክፍሉ ጣሪያ ላይ፣ ሁለተኛው ከአስፋልቱ ማዶ ባለው ሳይሎ፣ ማለትም የስንዴ ማከማቻ ማማ፣ አናት ላይ ተሰቅለው የስንዴውን ሙቀትና ከፍታ ወደዚህ፣ የማጓጓዣውን ትእዛዝ ወደዚያ ያመላልሳሉ። የአዳማን ነፋስ የሚያውቅ ሰው በዚያ መሰላል ላይ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ከተሰቀሉ ጀምሮ የነካኋቸው አቧራ ለመጥረግ ብቻ ነበር፤ የሚሠራ ነገር አይነካም የሚል መመሪያ ነበረኝ፤ ለተለማማጆችም ይህንኑ አስተምር ነበር።

ከስብሰባው በኋላ፣ በዚያው ሞቅታ፣ ለልምምድ የመጣች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመሣሪያዎቻችንን ዝርዝር ከነሶፍትዌር እትማቸው እንድትመዘግብ አዘዝኳት። የይለፍ ቃሉን ስትጠይቀኝ «ከቻልሽ ፈልገሽ አግኚው» አልኳት። ቀልዴን ነበር። እርሷ ግን ሥራ መስሏት ተቀመጠች።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ የግዢ ኃላፊው ማተሚያቸው ወረቀት እየበላ ስላስቸገራቸው እኛ ክፍል መጥተው ከበሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ልጅቷ ከላፕቶፑ ላይ ዐይኗን ሳታነሣ «ኢንጂነር፣ አገኘሁት» አለች። «ምኑን?» «የይለፍ ቃሉን።» እንዳላመንኳት ስታይ ታነብልኝ ጀመር። በላቲን ፊደል የተጻፈ ስለነበር መጀመሪያ ፊደል በፊደል ቆጠረችው፤ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ገብቶኝ እጄን ባነሣም እርሷ ቃሉን በመገጣጠም ላይ ስለነበረች አላየችኝም። «ግዢ... ኤሊ... ነው... 2010» አለች፤ ቀጥሎም ትርጉሙ ሲገባት ወደ በሩ ዞራ ቀስ ብላ ላፕቶፑን ከደነችው።

የዚያን ጊዜ የሠራሁት ሥራ አሁንም ያሳፍረኛል። ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ ስለ ቴክኒኩ መናገር ጀመርኩ። በእነዚህ መሣሪያዎች ላይ ዊንቦክስ በሚባለው ማስተዳደሪያ በኩል አንድ ቀዳዳ መገኘቱን፣ በዚያ ቀዳዳ ማንም ሰው ሳይገባ የተጠቃሚዎቹን ፋይል መቅዳት እንደሚችል፣ የይለፍ ቃሎቹም በፋይሉ ውስጥ የተቀመጡት በቀላሉ በሚፈታ መልክ መሆኑን፣ በፈረንጆቹ 2018 ከብራዚል ጀምሮ እጅግ ብዙ ራውተሮች በዚሁ መንገድ ተጠልፈው የሌሎች ሰዎች ዲጂታል ገንዘብ ማምረቻ መደረጋቸውን ዘረዘርኩ። እርሳቸው በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ታዲያ አምራቹ ምን አደረገ?» አሉኝ።

«ወዲያው ማሻሻያ አወጣ።»

«መቼ?»

«ሚያዝያ 2010።»

«ዋጋው ስንት ነው?»

«ነፃ ነው።»

«ነፃ ከሆነ የግዢ ጥያቄ አያስፈልገውም ማለት ነው።»

«አያስፈልገውም።»

«የእኔም ፊርማ አያስፈልገውም።»

«አያስፈልገውም።»

ከዚህ በኋላ ስለ ኤሊው አንዳች ነገር ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢሉኝ ኖሮ እኔም የምመልሰው አላጣም ነበር። ምንም አላሉም። «ማተሚያዬን ስትጨርስ ላክልኝ» ብለው ወጡ።

መሣሪያዎቹ ከኢንተርኔት ጋር ስለማይገናኙ ያን ያህል አደጋ አልነበረም ብዬ ለልጅቷ ለማስረዳት ሞከርኩ። እርሷም ሚዛን ቤት ባለው ኮምፒዩተር ላይ ዶንግል (በሞባይል መስመር ኢንተርኔት የሚያስገባ መሰኪያ) ተሰክቶ ማየቷን ነገረችኝ፤ ሄጄ ሳይ እውነት ነበር፤ መዝጋቢው የእንግሊዝ ኳስ የሚከታተልበት ነው። ያ ኮምፒዩተር ደግሞ ከሳይሎው ሬዲዮ ጋር በአንድ ኔትወርክ ላይ ነው።

ወፍጮው ለጽዳት በሚቆምበት እሑድ ሁለቱንም አሻሻልኳቸው። የሩቁን ቀድሞ ማደስ ይሻላል፤ የቅርቡ ቢበላሽ መንገዱ ይዘጋልና። የሳይሎው ሬዲዮ ጠፍቶ እስኪመለስ የጠበቅሁት ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም፤ እኔ ግን መሰላሉን እያየሁ ቆምኩ። ማሻሻያው ቀዳዳውን እንጂ ቀድሞ የተነበበውን ቃል ስለማያድን የይለፍ ቃሉንም ለወጥኩ፤ ወደ ማስተዳደሪያው መድረስ የሚችለውም አንድ ኮምፒዩተር ብቻ እንዲሆን አደረግሁ፤ ዶንግሉን ነቀልኩ፤ የሚዛን ቤቱ ልጅ እስከ ዛሬ አኩርፎኛል። በጻፍኩት ሪፖርት ላይ «የመሣሪያዎቹ የቆየ የአምራች ጉድለት ተለይቶ ተስተካክሏል» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። ሐሰት አይደለም። የልጅቷን ስም በአባሪው ላይ አስገብቼዋለሁ።

የመለዋወጫ ሬዲዮውን ጥያቄ ኅዳር ላይ አድሼ አስገባሁ፤ በዚህ ጊዜ አምራቹ ከሚልካቸው የደኅንነት ማስታወቂያዎች ጋር አያይዤ፣ በትሕትና ቃል። ጥያቄው ሐምሌ ሲገባም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር። የደመወዝ ቀን ኮሪደር ላይ ሳገኛቸው እንደምንም ደፍሬ «ጋሼ፣ ያቺ ጉዳይ የት ደረሰች?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ቀስ እያለች ትደርሳለች» አሉኝ፣ መነጽራቸውን እየጠረጉ። «ተፈጥሮዬን እንደሆነ ጽፈህ አስቀምጠኸዋል።»